የሲክስቶ የቅዳሜ ሰልፍ

— ሄሎ... ሄሎ? ማን ልበል?... እንዴ፣ አበልጄ ሲክስቶ። እኔ ኦፌሊያ ነኝ። ሚስትህ ልብስ እያሰጣች ነው፤ ለዚህ ነው ያነሳሁት። ምነው ድምፅህ? ቪዛውን ሰጡህ?...

— አልሰጡህም... ቆይ፣ ቀስ ብለህ ንገረኝ።

— ቴንቻ፣ ባልሽ ነው፣ ከሁዋሬስ ከተማ፣ ከአሜሪካ ቆንስላው ደጃፍ። አይ፣ ደህና ነው። አንድ ወረቀት ጎደለኝ ነው የሚለው።

— እህ... የውትድርና መታወቂያህን? ፎርሙ ላይ «ወታደር ሆነህ ታውቃለህ ወይ?» ሲል «አዎ» ብለሃል። ታዲያ ማስረጃ አምጣ ቢሉህ ምኑ ይገርማል?... እስከ ስድስት ሰዓት። ለጊዜው ፎቶው ይበቃቸዋል?... እንግዲያማ ቀላል ነው። የት ነው ያለው?

— ቴንቻ፣ የውትድርና መታወቂያው የት ነው?... ከጋብቻ ወረቀታችሁ ጋር? አንቺ ልብስሽን ጨርሺ፤ እኔ አወጣዋለሁ።

— አገኘሁት። ይሄ ጆሮ ብቻ የሆነው ልጅ አንተ ነህ?... እሺ፣ አልስቅም... ምን? አትግለጪው? ሳልገልጠው እንዴት ነው ፎቶ የማነሳው?... ድምፄን ዝቅ ላድርግ? ለምን ሲባል?...

— ...አየሁት። «በዕጣ፦ ጥቁር ኳስ» ይላል።

— አበልጄ፣ እኔም ሁለት ወንድሞች አሉኝ፤ የውትድርናውን ዕጣ አውቀዋለሁ። ነጭ ኳስ ያወጣ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰለፋል፤ ጥቁር ያወጣ ቤቱ ይቀመጣል። አንተ ደግሞ ይሄው አርባ ሦስት ዓመት፣ በየሰርጉ፣ በየክርስትናው፣ «ለቅዳሜ ሰልፍ ከመንደሬ ወደ ሄሬስ ከተማ ስወርድ ነው ቴንቻን ያየኋት» ስትለን ኖረሃል። ሰልፉስ?...

— ተሰልፈህ አታውቅም። ታዲያ በየሳምንቱ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግርህ ምን ልትሠራ ነበር የምትመጣው?...

— እህ... አይ አንተ ሰውዬ።

— አዎ፣ የቴንቻን አባት አስታውሳቸዋለሁ። ሥራ ፈት ጎረምሳ በበራቸው ሲያልፍ ውሻ ይለቁ ነበር፤ ለወታደር ግን ኮፍያ ያነሱ ነበር... እና አሁን ልጃችሁ ማሪሴላ ፎርሙን በስልክ እያነበበች ስትሞላልህ እናቷ አጠገብህ ነበረችና «አይ» ማለት አቃተህ።

— አይሆንም፣ ሲክስቶ። ጠፋ ብዬ አልልልህም። ያላገለገልክበትን ማስረጃ ከየት ልታመጣ ነው? የሚስትህ ቪዛ ወጥቷል፤ ያለሱ ቺካጎ አልሄድም ብላ ደግሞ ተቀምጣለች። ልጃችሁ ሁለታችሁን ነው የምትጠብቀው። ግባና «ተሳስቼ ነው የሞላሁት፣ አላገለገልኩም» በል። ይሄንኑ ገጽ አሳያቸው።

— የቆንስላውን ሰውዬ አይደለም የምትፈራው?... እሷን? ከአርባ ሦስት ዓመት በኋላ?...

— ምን አልሽ ቴንቻ? ከመቼ ጀምሮ ነው በሩ ላይ የቆምሽው?... እኔማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር... ምን?... እውነትሽን ነው?... ቆይ፣ ልንገረው።

— አበልጄ፣ ትሰማኛለህ? መቀመጫ ከሌለ ግድግዳውን ደገፍ በል። ቴንቻ ታውቅ ነበር።... ድሮውኑ። ወንድሟ ሩቤን በዚያው ዓመት ነጭ ኳስ ደርሶት ይሰለፍ አልነበር? ገና በመጀመሪያው ቅዳሜ ነግሯታል። «ያ ረጅሙ ልጅ ከኛ ጋር አይሰለፍም። ዛፍ ሥር ቆሞ እኛ እስክንበተን ይጠብቅና፣ ጫማውን አራግፎ ወደ ሰፈራችን ይሄዳል» ብሎ... አዎ። ለአባቷ ግን ትንፍሽ አላለችም።

— ቴንቻ፣ ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?... «ብነግረው ያፍርና ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ» ትላለች።...

— ሲክስቶ፣ እያለቀስክ ነው እንዴ?... እሺ፣ ጊዜ ውሰድ። አፍንጫህን ግን ተናፈጥ፤ እንዲህ ሆነህ ብትገባ በሽተኛ ነው ብለው ወደ ሐኪም ይመልሱሃል።

— ፎቶውን ልኬልሃለሁ። ደረሰህ?... ጽሑፉ ይነበባል?... ጥሩ። ሌላ ነገር አትጨምር። ስለ አባቷም ስለ ውሻውም እንዳታወራላቸው፤ የጠየቁህን ብቻ መልስ።

— ቢከለክሉኝስ?... እኔ ምን አውቃለሁ፣ ቆይ ልጠይቃት። ቴንቻ፣ ቢከለክሉኝስ ይላል።...

— ሰማሃት?... አልተሰማህም? «ቢከለክሉት ይምጣ። ማንም ሳያዝዘው መምጣት ያውቅበታል» ነው የምትለው።...

— ይሄንንማ እኔ አላደርስልህም፤ ስትመጣ ራስህ ንገራት። በል፣ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው... ግባ፣ አበልጄ። ቻው።