ሃያ ዶላር በሳሮን ግንባር ላይ

በእኛ ጊዜ ሰው ደህና አድርጎ ከጨፈረ ብድግ ትልና ግንባሩ ላይ ብር ትለጥፍለታለህ፣ በቃ፣ አድናቆት ማለት እሱ ነበር፤ ታዲያ እኔ ይሄንኑ አመሌን ሚኒያፖሊስ ድረስ ይዤ መጥቼ፣ ባለፈው ዓመት በልጄ ሾው ላይ የሠራሁትን ጉድ ላውራችሁ፣ እንዳትስቁብኝ ብቻ! እሺ ሳቁ፣ ምን አገባኝ።

ነገሩ ሲጀመር ሳሮን ገና ስድስት ዓመቷ ነው። እኔ ባስ ድራይቭ አደርጋለሁ፣ እናቷ ሆስፒታል የማታ ሺፍት ናት፣ ታዲያ ፊሊፕስ የሚባለው ሰፈር ስንኖር ከላያችን ወይዘሮ ሚራ የሚባሉ ህንዳዊት ነበሩና ከትምህርት ቤት ስትመጣ እሳቸው ጋ ትቆያለች። አንድ ቀን ልወስዳት ብሄድ ምን ባይ ጥሩ ነው? እግሯ ላይ ሻኩራ ደርድረው አስረውላት ወለሉን ትደበድባለች! "ኧረ ወይዘሮ ሚራ፣ ልጄን በቅሎ አደረጓት እንዴ?" ብላቸው "ዝም ይበሉ፣ እየቆጠረች ነው!" አሉኝ። ካታክ ይባላል፣ የህንድ የጥንት ጭፈራ ነው፣ እግር ይቆጥራል፣ እጅና ዓይን ደግሞ ተረት ያወራል። እና "ታ ቴይ ቴይ ታት! ታ ቴይ ቴይ ታት!" እኔም ሳላውቀው ባሱ መሪ ላይ በጣቴ እመታው ጀመር፣ ስንት ዓመት!

ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ነርስ ትሆናለች ስንል ኮንቴምፖራሪ የሚሉትን ዳንስ ተማረች፣ መውደቅ፣ መንከባለል፣ መነሳት። ከዚያ ሁለቱን ልቀላቅል አለች። እናቷ "እንግዲህ ምን ይደረግ" አለች፣ ወይዘሮ ሚራ ግን፣ ውይ! "ሻኩራ አውልቀሽ የምትጨፍሪው እኔ ያስተማርኩሽን አይደለም" ብለው ሁለት ዓመት ሙሉ አኮረፏት፣ ሁለት ዓመት! ልጄ ደግሞ ከዓለም ጭብጨባ ሁሉ የምትፈልገው የእሳቸውን አንዲት "ጎሽ" ነበር።

የራሷን ሾው ስታዘጋጅ ታዲያ እኔው ሄጄ "ስለ ጎረቤትነታችን" ብዬ ለምኜ፣ በመኪናዬ አምጥቼ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። እጃቸውን አጣምረው፣ ፊታቸው እንደዚህ አገር የጥር በረዶ!

ሳሮን በሻኩራ ጀመረች፣ ቤቱን አንቀጠቀጠችው። ከዚያ ቁጭ ብላ ሻኩራውን ፈታችው። ወይዘሮ ሚራ "እህ!" ብለው ፊታቸውን አዞሩ፣ እኔ አለቀልን አልኩ። እሷ ግን ብድግ ብላ፣ እየወደቀች እየተንከባለለች፣ ስሙኝማ፣ እግሯ ያንኑ ይቆጥራል! ታ ቴይ ቴይ ታት! ሻኩራው የለም፣ እኔ ግን ይሰማኛል! ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች። አዳራሹ ጭጭ። አለቀ ብዬ ብጠብቅ ማንም አያጨበጭብም! "እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ?" ብዬ መድረኩ ላይ ዘልዬ ወጣሁና ሃያ ዶላር ላብ ባራሰው ግንባሯ ላይ ልጥፍ! "ጎሽ፣ የኔ ልጅ!"

"ዳድ፣ ኢት ኢዝንት ኦቨር!" አለችኝ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

ለካ አላለቀም! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ታዲያ ልጅት ምን ታድርግ፣ ሃያ ዶላሩን እንደተለጠፈ ይዛ መሽከርከር ጀመረች፣ እኔ መድረኩ ጥግ ተገትሬ፣ ያኔ ከፊት ወንበር ጭብጨባ ሰማሁ፣ በልክ፣ በቁጥር። ወይዘሮ ሚራ ናቸው! ተነስተው "ዋህ! ዋህ!"፣ በእነሱ ቋንቋ ጎሽ ጎሽ፣ እያሉ ይቆጥሩላታል! አስር ዙር፣ ሃያ ዙር፣ በመጨረሻዋ ምት እሷ ቀጥ፣ ብሩ ከግንባሯ ዱብ! አዳራሹ ቀውጢ ሆነላችሁ!

ኋላ ወይዘሮ ሚራ መጡና "ሚስተር ተፈራ፣ በእኛም አገር ተመልካች ይጮህ ነበር፣ ይሸልም ነበር፤ እዚህ ሰው የሚቀመጠው ክሊኒክ ወረፋ እንደሚጠብቅ ነው" አሉኝ። ወደ እሷ ዞረው ደግሞ "ሻኩራውን ስትፈቺ ተናድጄ ነበር። ቁጥሩ ግን አንድም አልጎደለም" አሏት።

"ሃያ ዶላሩስ፣ ጋሼ?" አትሉኝም?

እሱማ! ሳሮን አንስታ በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው፣ እኔ አይቀበሉም ብዬ ነበር፣ እሳቸው ቦርሳቸው ውስጥ ከተት አደረጉና "የተማሪ ሽልማት የአስተማሪዋ ነው፤ ተማሪዬ አይደለሽም እንዴ?" አሏት። ልጄ እግራቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ሃ ሃ ሃ! በዕድሜዬ ስንት ብር አጥፍቻለሁ፣ እንደዚያች ሃያ ዶላር ቦታዋን ያገኘች ግን አላየሁም!