ለአራት ሰው የመጣ ዱቄት

ሲኒማ ራስ ጀርባ ልብስ ወደሚሰፉት ወደ ጋሽ ዘከሪያ ዘንድ ጎራ ያልኩት ሱሪ ላሳጥር ነበር። ክርክር ላይ ደረስኩና እዚያው ቀረሁ። መምህር ነኝ፤ ክርክር ካየሁ እግሬ አይነሣም።

ተከራካሪያቸው ሀያቱ ናት፤ እሳቸው ግቢ ያደገች፣ ሥነ ምግብ ተምራ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ልጅ። የመንግሥት የምግብ ድጋፍ ምዝገባ በዚያ ዕለት አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከግቢው ስድስት ቤቶች የተመዘገበው ግን የጋሽ ዘከሪያ ቤት ብቻ ነው።

"ጋሽ ዘከሪያ፣ ጎረቤቶቹን አትመዝገቡ ያሏቸው እርስዎ ነዎት?"

"አዎ! ሁላችንም ተሰልፈን የሰው መነጋገሪያ ከምንሆን፣ እኔ ልዋረድና የመጣውን እንካፈል አልኩ። ለነገሩ ድጋፉም ረብ የለውም። ዱቄቱ በአምስተኛው ቀን ያልቃል።"

"ለስንት ሰው ነው የሰጡዎት?"

"ለአራት። ለእኔ፣ ለልጄ ለአሚር፣ ለሚስቱ ለምስራ፣ ለጨቅላዋ።"

"የሚበላውስ ስንት ሰው ነው?"

በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። የእነ ሙናዊርን ቤት፣ የእትዬ ሠርኬን ቤት... ሃያ ሦስት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀነሰ።

"ታዲያ የአራት ሰው የወር ቀለብ ለሃያ ሦስት ሰው አምስት ቀን ቢሆን፣ ጥፋቱ የዱቄቱ ነው?"

"ጎረቤቴ እየራበው እኔ ልብላ? ሱብሃነላህ! ይህን ነው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ?"

ደግ ሰው ተሳስተሃል ሲሉት ደግነቱን የነኩበት ይመስለዋል፤ እኔም ብሆን ሳልቆጣ አልቀርም። ሀያቱ ግን ድምጿን አላነሣችም።

"ጎረቤትዎም ይብላ፤ የራሱን። የራሱ ድርሻ አለው እኮ፣ እርስዎ ከለከሉት እንጂ። አሁን የምነግርዎትን ምስራ ናት ንገሪልኝ ያለችኝ፤ እሷ እርስዎን አፍራ ነው። በአንድ ወር ሦስት ኪሎ ቀንሳለች። ጡቷ እየደረቀ ነው፤ ሕፃኗም ክብደት መጨመር አቁማለች።"

ጋሽ ዘከሪያ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩት።

"እንዴት ይሆናል? ሁልጊዜ 'ከእትዬ ሠርኬ ጋር በልቻለሁ' ነው የምትለኝ።"

"እትዬ ሠርኬም 'ከምስራ ጋር በላሁ' ነው የሚሉት።"

ሽማግሌው የያዙትን ጨርቅ አጣጥፈው አስቀመጡ።

"ሰልፉስ?" አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

"አርባ ዓመት ሠርተው ግብር ከፍለዋል። ድርሻዎን ሲወስዱ ማን ቀና ብሎ ያይዎታል?"

ሰዓታቸውን አዩ፤ ዘጠኝ አልፏል። ሜትሩን ከአንገታቸው ሳያወርዱ ወደ ግቢው ገስግሰው በር በሩን ማንኳኳት ያዙ። "መታወቂያችሁን ይዛችሁ ውጡ! ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ፣ ከፊት የምቆመውም እኔ ነኝ!"

"ሰው ቢያየንስ?" አሉ እትዬ ሠርኬ።

"ይየና! የጾመ ሕፃን ከሚያይ እኛን ይይ!"

ሱሪዬን በብብቴ ይዤ ተከተልኳቸው። አሥር ሰዓት ሳይሞላ አምስቱም ቤቶች ተመዘገቡ። መዝጋቢዋ የመጨረሻውን ስም ስትጽፍ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፤ አላፍርበትም።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ድጋፍ ሀብታም ያደርጋል ብዬ አልዋሽም፤ የወሩ መጨረሻ አሁንም ይጠብባቸዋል። ነገር ግን በልኩ የተሰጠ ቀለብ ለታሰበለት ቤት ሲደርስ ምን እንደሚሠራ በዓይኔ አየሁ። ዱቄቱ አራተኛውን ሳምንት ይነካል። አሚር ለዱቄት ያወጣው የነበረው ገንዘብ አሁን እንቁላልና ወተት ይገዛል። ሕፃኗ ጉንጭ አውጥታለች። መካፈሉም አልቀረም፤ አሁን ግን ሁሉም የሚያካፍለው አለው።

ጋሽ ዘከሪያ ሰላምታዬን እንኳ አላስጨረሱኝም።

"መምህር፣ ትናንት ራት ላይ ምስራ ሳህኗን ዘርግታ 'አባባ፣ ትንሽ ይጨምሩልኝ' አለችኝ! ወላሂ፣ ቤቴ ከገባች እንዲህ ብላ አታውቅም።"

"ጨመሩላት?"

ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ሳቁ።

"ጨመርኩላት እንጂ! ነበረና!"