አክሊል የሣልሁለት ሰው

ከኩልመስክ ወደ ላሊበላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ አንድ ሰዓሊ ከኋላዬ ተቀምጦ ሥዕል ካስተማሩት የኔታ ጋር ያወራል።

«የኔታ፣ ተዋረድሁ።»

«ምን አድርገህ?»

«አንድ ፈረንጅ ታሪክ በሥዕል የሚተርክ የቆየ የጃፓን መጽሐፍ ይዞ መጣ። ‹ያገሬ አንባቢ እንዲወደው በቤተ ክርስቲያን አሣሣል እንደገና ሣልልኝ› አለኝ።»

«ታሪኩን ነገረህ?»

«ልንገርህ ቢለኝ፣ ከሥዕሉ ገብቶኛል አልሁት።»

«በምን ገባህ?»

«እርስዎ ባስተማሩኝ ነዋ! ጻድቅ ፊቱ ሙሉ፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ኃጥእ በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ። አንዱ ሰውዬ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ያያል፤ አክሊል ሣልሁለት። አንዲት ሴት ግን ሁልጊዜ በጎኗ ናት፤ ከአጋንንቱ መሐል ከተትኋት።»

«ታዲያ?»

«ሰውዬው ለካ ነፍሰ ገዳይ ኖሯል። እሷ የሟቹ እናት ናት። ፊቷን ያዞረችው እንባዋን ልትደብቅ ነው።»

«ፈረንጁ ተቆጣ?»

«ሳቀ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።»

«ልንገርህ ሲልህ ብትሰማው ምን ነበረበት?»

«የላሊበላ ሰዓሊ ሥዕል ይነገረዋል ወይ ብዬ ነዋ፣ የኔታ።»

ወሬያቸውን የማልሰማ መስዬ ወደ መስኮቱ ያዞርሁትን ፊቴን ቀስ ብዬ ወደ ፊት መለስሁት።