የተጣበቀው አግዳሚ

ከወግዲ ወደ መካነ ሰላም በምንሄድበት ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ አጠገባቸው ያለችውን ወጣት ጠየቋት።

«ልጄ፣ ይሄ የታቀፍሽው እንጨት ምንድን ነው?»

«የጣሪያ አግዳሚ ቁራጭ ነው አባባ። ስስ የባሕር ዛፍ ጣውላዎች በኮላ ደራርቤ አጣብቄ፣ ዩኒቨርሲቲ የሠራሁት ነው። ለእናቴ ላሳያት አምጥቼው ነበር፤ አሁን እየመለስኩት ነው።»

«ተሰብሯል እኮ!»

«ራሴ ነኝ በማሽን የሰበርኩት። ስንት ጭነት ችሎ እንደሚሰበር በኮምፒዩተር አስልቼ ነበር፤ ልክ መሆኔን ለማየት ነው።»

«ለፍተሽ ሠርተሽ ሰበርሽው?»

«ሰው ሥሩ ሳይተኛ ይሰበር ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ስብራቱን በጣታቸው ዳሰሱት።

«የኛ ቤት አግዳሚ ባለቤቴ እንደተኛች ነው የወደቀባት።»

«ውይ! ተረፉ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ድናለች። ዛሬ ከሆስፒታል ላወጣት ነው የምሄድ። አዲስ አግዳሚ አስገብቻለሁ፤ እሷን ሥሩ ማስተኛት ግን ፈራሁ። ሰሞኑን ብቻዬን እየተኛሁ ስሞክረው ከረምኩ።»

«ብቻዎን?»

«ከወደቀም በኔ ይውደቅ ብዬ።»

«አብሽሩ አባባ። እሳቸውን እናውጣና አብሬያችሁ ተመልሼ አየዋለሁ። ዩኒቨርሲቲው ነገም ይደረሳል።»

መውረጃዬ ደርሶ ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።