ሰርጋችን እና የቀበሌው ራምፕ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ቢሮ ማለት ደረጃ ነበር። ባለሥልጣኑ ትልቅ በሆነ ቁጥር ደረጃው ይበዛል። እኔ ደግሞ ያኔ ሁለት እግር ነበረኝ፣ የጅቡቲ መስመር ሾፌር፣ ዘልዬ ወጥቼ፣ ተሰድቤ፣ ዘልዬ እወርድ ነበር። ታዲያ ስኳር የሚሉት በሽታ መጣና አንዷን እግሬን ወሰደ፣ እና ዊልቼር ላይ ተቀመጥኩ፣ እና ያኔ ነው የናዝሬት ቢሮ ሁሉ ሰማይ ላይ መሠራቱን ያወቅኩት። ትሰሙኛላችሁ?

ታዲያ ይሄ የምነግራችሁ የድሮ እንዳይመስላችሁ፣ የአሁን ነው፣ የቅርብ። እታገኝን ላገባ ተነሳሁ። ይቺን፣ አሁን ጓዳ ሆና የምትሰማንን። የእሷም ባል ሞቷል፣ የእኔም ሚስት ሞታለች፣ ገበያ ሽንኩርት ስትሸጥ ነው የተዋወቅነው። ተስማማን። ቀበሌ ሄደን እንፈርም ስላት፣ «እንዴት ትወጣለህ?» አለችኝ።

«ሰው ይሸከመኛላ!»

«አይሆንም! ባለፈው ለመታወቂያ ተሸክመውህ ወጥተህ፣ ስንት ቀን እህል አልቀመስክም፣ ሰው አላናገርክም። እኔ የኮረፈ ሙሽራ አላገባም። በራስህ ከገባህ እፈርማለሁ፣ ካልገባህ ጎረቤት ሆነን እንቀራለን።»

እውነቷን ነው። አንዱ በብብት፣ አንዱ በጭን ይዞ «ቀስ! ቀስ በሉ! ግድግዳው እንዳይመታቸው!» ሲል፣ ሽማግሌነታችሁ እዚያው ደረጃ ላይ ነው የሚቀረው። አፍሬ ነበር ልጆች፣ በጣም ነበር ያፈርኩት።

ታዲያ መንግሥት መመሪያ አወጣ። አካል ጉዳተኛ ቢሮ ሁሉ መግባት አለበት ተባለ። እና የእኛም ቀበሌ ራምፕ ሠራ፣ ከደረጃው ጎን፣ ዊልቼር የሚወጣበት ሲሚንቶ። እና እንዴት ያለ ራምፕ! መደገፊያ ብረት አለው፣ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፣ ዳገቱ ልክ ነው፣ ሾፌር ነኝና አውቃለሁ። በደስታ እየገፋሁ ሄድኩ። ስደርስ አፉ ላይ ቀይ ሪባን ታስሯል፣ አጠገቡ ጥበቃው ቱፋ ቆሟል።

«አካም ኦቦ በቀለ! አይቻልም።»

«ምኑ?»

«አልተመረቀም። ክብርት ኃላፊዋ ከላይ መጥተው ሪባኑን ሳይቆርጡ አይረገጥም።»

«መቼ ይመጣሉ?»

«ሲመቻቸው።»

እንዲህ ስንባባል አንዲት ፍየል መጣች፣ በሪባኑ ሥር ሾልካ ወጣች፣ እና ላይ ሆና ታመነዥካለች።

«ቱፋ፣ ፍየሏስ?»

«ፍየል ሪባን አትነካም፣ ኦቦ በቀለ። በሥር ነው የምታልፈው።»

«እኔም ጎንበስ ልበላ!»

ዊልቼሩን አየ አየና፣ «እሱስ ጎንበስ ይላል?» አለኝ። ምን ትሉታላችሁ?

ጋብቻ የሚመዘግበውን ሠራተኛ እባክህ ወደ ግቢ ውረድልን ብለን ላክንበት፣ «ማኅተም ከቢሮ አይወጣም» አለ። ታዲያ ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ፣ ሪባኑን ፀሐይ መትቶት ሮዝ ሆነ፣ ክብርት አልተመቻቸውም።

በመጨረሻ የተነሳችው እታገኝ ናት። «ሙሽራ ሆነን፣ ለብሰን፣ ሪባኑ ፊት እንቀመጣለን» አለች፣ «እስኪያፍሩ ድረስ!» እና አንድ የድሮ የሾፌር ጓደኛዬ ነጭ ላንድክሩዘር አመጣ፣ ሌሎቹ ከኋላ በአይሱዙ፣ በባጃጅ፣ መብራት እያበሩ፣ ጡሩምባ በጡሩምባ ሆነን ደረስን። ለካስ የዚያኑ ቀን ክብርት ይመጣሉ ተብሎ ሁሉም አቆብቁቦ ይጠብቃል! ሰልፍ፣ ካሜራ፣ አበባ። ቱፋ በሩን ከፍቶ ሰላምታ ሰጠ፣ አገጩን ሰማይ ላይ ሰቅሎ፣ ማን እንደገባ የት አይቶ! እታገኝ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ካባዋን ደርባ ወረደች። የክብርትን መልክ ደግሞ እዚያ የሚያውቅ የለም። አንዲት አስተናጋጅ ሮጣ መጣችና፣ «እንኳን ደህና መጡ ክብርት!» ብላ መቀሱን በሳህን አቀረበችላት።

በመድኃኔዓለም፣ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም! ቀጭ! ቆረጠችው።

እልልታ ሆነ። እኔ ገፋሁ፣ ወጣሁ፣ በገዛ እጄ። ቱፋ አሁን ነው ያየኝ። «ኦቦ በቀለ?!» ሲል፣ «ተመርቋል እኮ ቱፋ!» አልኩት። ሰዉ «ክብርት አካል ጉዳተኛም ይዘው ነው የመጡት!» ይላል፣ ካሜራው ይከተለኛል። ገባን፣ ፈረምን፣ ጓደኞቼ ምስክር ሆኑ፣ ማኅተሙ ዷ! አለ።

ቀለሙ ሳይደርቅ ውጭ ሌላ ጡሩምባ። እውነተኛዋ ክብርት መጡ። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ላብ በላብ ሆኖ ገባ።

«አባባ፣ ምን አደረጋችሁኝ! ሪባኑን እንደገና አስረነዋል፣ በቶሎ ይውጡልኝ!»

«በየት በኩል?»

«በራምፑማ አይቻልም፣ አልተመረቀም። ልጆቹ በደረጃው ይሸከሙዎታል።»

እና ጎረምሶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ እኔ መጡ። ምን ላድርግ፣ እንዲሸከሙኝ እጄን ላነሳላቸው ነበር። እታገኝ መሀል ገብታ ቆመች።

«ባሌን ማንም አይሸከምም!»

ባሌ አለች፣ ሰማችሁ? ለመጀመሪያ ጊዜ። ጎረምሶቹ ወደ ኋላ አሉ።

ታዲያ ጠበቅን። ውጭ ክብርት ይናገራሉ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አካል ጉዳተኛ ወገኖቻችን በዚህ ይወጣሉ!» አሉና፣ ቀጭ፣ ቆረጡ፣ ተጨበጨበ፣ እና ሰው ሁሉ አንገቱን መዝዞ ከታች የሚወጣ ዊልቼር ይጠብቃል። እኔ ከላይ መጣሁባቸው። ሙሽራዬ ከጎኔ፣ ቁልቁል!

ክብርት ደነገጡ። «እኚህ ሰው እላይ እንዴት ወጡ?»

ሥራ አስኪያጁ፣ «በ… በድሮው አሠራር፣ ክብርት!» አይላቸውም? ሃ ሃ ሃ! እና ይሄው ነው። ራምፑን ሠርተውልናል፣ እግዜር ይስጥልን፣ ሁልጊዜም ይሥሩልን። መቀሱን ግን ለእኛ ይስጡን።

ከጓዳ የእታገኝ ድምፅ መጣ፦ «በል እሱንም ንገራቸው፣ ራምፑን ስትወጣ ማልቀስህን!»

«ላብ ነው! ናዝሬት ነው እኮ፣ ሙቀት ነው!»

«እሺ፣ ያንተ ላብ ይሁን። እኔንስ ምን አስለቀሰኝ?»