ድንኳን ለሎንቺና

ደብረ ብርሃን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፤ የላይ ሰፈር እድር ዳኛ ጋሽ ሽብሩ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ የእድሩ አባል የሆነው የመኪና መንዳት አስተማሪ ይልቃል ፊታቸው ቆሞ፣ ጥሩንባ ነፊው እንዲለፍፍለት የሚፈልገውን አዋጅ በቃሉ ይወጣዋል።

ይልቃል፦ «የላይ ሰፈር እድርተኛ በሙሉ፣ ስማ! አልሰማሁም እንዳትል! የሰፈሩን ነጠላ ጫማ ያለ አድልዎ ሲያኝክ የኖረው፣ በቆመ ጎማ ሁሉ ላይ አሻራውን ያኖረው፣ የአቶ ይልቃል የቅርብ ቤተሰብ የነበረው ሎንቺና፣ ከእርጅና ጋር በተያያዘ ሕመም ትናንት ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለየ...»

ጋሽ ሽብሩ፦ በቃ።

ይልቃል፦ አልጨረስኩም እኮ። «ድንኳን ስለተተከለ...»

ጋሽ ሽብሩ፦ በቃ አልኩህ! አልተተከለም፣ አይተከልም። ለውሻ ድንኳን! ሰው ይሰማናል፣ ድምፅህን ቀንስ።

ይልቃል፦ እንዲሰማ አይደል የምለፍፈው?

ጋሽ ሽብሩ፦ ስማ ይልቃል፣ አዝነሃል፣ ገብቶኛል። ቀበርከው አይደል?

ይልቃል፦ ጓሮ፣ ባሕር ዛፉ ሥር።

ጋሽ ሽብሩ፦ በቃ፣ አለቀ።

ይልቃል፦ ያለቀው ቀብሩ ነው። ለቅሶው መች ተጀመረ?

ጋሽ ሽብሩ፦ ለቅሶህን ማን ከለከለህ? ግባና አልቅስ። ድንኳኑ ግን የእድሩ ነው፤ ደንቡ ደግሞ ቤተሰብ ነው የሚለው። አባት፣ እናት፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ አማት። ውሻ የሚል የለበትም።

ይልቃል፦ አማት ካሉ ላይቀር፣ ጌጤነህ አማቱ የሞቱ ጊዜ ስማቸውን የሰማው ከጥሩንባ ነፊው ነው። ድንኳን ተተከለለት፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ አጽናናው። በሁለተኛው ቀን «ለመሆኑ ረጅም ነበሩ አጭር?» ብሎ ሚስቱን ሲጠይቃት በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ቢሆንም ሰው ናቸው።

ይልቃል፦ አላየናቸውም።

ጋሽ ሽብሩ፦ አትቀልድ! ዛሬ ላንተ ብፈቅድ ነገ አመለወርቅ ለድመቷ ትመጣለች። ከነገ ወዲያ የዶሮ ባለቤት ይመጣል።

ይልቃል፦ ዶሮ ከገባ እንኳ የፋሲካ ዋዜማ ሰፈሩ በሙሉ ሐዘን መቀመጡ ነው።

ጋሽ ሽብሩ፦ ይኸው፣ ራስህ ትስቅበታለህ። የታች ሰፈር እድሮች ምን ይሉናል? «የውሻ እድር» ብለው ስም ያወጡልናል። ስብሰባ በጠራን ቁጥር ከአጥር ውጪ ሆነው ይጮሁብናል።

ይልቃል፦ ስለ ስብሰባ ካነሱ፣ ከአባላቱ ሁሉ አንድም ቀን ያልቀረው ሎንቺና ነው። አቶ ጌጤነህ ንግግር ሲያስረዝም አዛግቶ ጉባኤውን ስንቴ በትኖልናል?

ጋሽ ሽብሩ፦ እሱስ ውለታ ነበር።

ይልቃል፦ አመኑ!

ጋሽ ሽብሩ፦ ምንም አላመንኩም። የቄሱን ጃንጥላ ነጥቆ የሮጠውስ? የጥምቀት ለት የኔን ጫማ አንዱን እግር ወስዶ ሌላውን የተወልኝስ? ሁለቱንም ቢወስድ ሌባ ነው ብዬ እተወው ነበር። አንዱን! በአንድ እግር ታቦት ልሸኝ?

ይልቃል፦ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ጫማውንም መልሻለሁ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ከተረከዙ በቀር።

ይልቃል፦ እርስዎ የሚያወሩት ስለ አንድ ጫማ ነው። እኔ እኮ አብሬው የኖርኩ ሰው ነኝ። አንሶላ የለኝም፣ በልቶታል። የሶፋውን ሆድ ዕቃ አውጥቶ ሳሎን ላይ አስጥቶልኝ ያውቃል። ኮቴ ሁሉ ጠጉር ስለሆነ መኪና ውስጥ ተማሪዎቼ በማስነጠስ ነው ማርሽ የሚቀይሩት። የአክስቴ ልጅ ጎንደር ስትዳር «ውሻዬን የሚይዝልኝ የለም» ማለት አፍሬ ታምሜያለሁ ብዬ ቀረሁ። ሎንቺና ያልኩትስ ለምን ሆነና? ዳገት ሲወጣ ሎንቺና እንደሚሉት አሮጌ አውቶብስ ሁለመናው ይንኳኳል።

ጋሽ ሽብሩ፦ ታዲያ ተገላገልክ! ምን ያስለቅስሃል?

ይልቃል፦ ቀኑን ሙሉ ከማላውቀው ሰው ጋር እውላለሁ፣ ጋሽ ሽብሩ። «ፍሬን ያዝ፣ ፍሪሲዮን ልቀቅ፣ መስታወት እይ።» አንዱ ሲለምድ ይሄዳል፣ ያልለመደ ይመጣል። የለመደ ተማሪ ተመልሶ አይጠይቀኝም፤ መንገድ ላይ ጥሩንባ ነፍቶብኝ ያልፋል። ቤቴ ስደርስ ግን፣ ቁልፉን ገና ከኪሴ ሳላወጣ፣ ሎንቺና በጅራቱ የቆርቆሮ በሩን ይደበድባል። ድም፣ ድም፣ ድም። መኪና መንዳት ሳስተምር ውዬ የገባሁ ሳይሆን ጦር ሜዳ ድል አድርጌ የተመለስኩ ነው የሚመስለኝ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ያንን ድምፅ እስከዚህ እንሰማዋለን።

ይልቃል፦ ትናንት ስገባ ዝም አለ። ቆምኩ፣ ጠበቅኩ። ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ያውቃሉ? በሩን ራሴ ደበደብኩት።

ጋሽ ሽብሩ፦ ...ተቀመጥ እስቲ። ቆመህ አታድክመኝ።

ይልቃል፦ አልቀመጥም። ቁልፉን ይስጡኝና ድንኳኑን ላውጣ። ተሸክሜ ወስጄ ራሴ እተክለዋለሁ፣ ማንንም አላስቸግርም።

ጋሽ ሽብሩ፦ ሚስት አግባ ስንልህ እምቢ አልክ። አሁን ለቅሶህን የሚጋራህ ይኖር ነበር።

ይልቃል፦ ሚስት ላግባና ትሙትልኝ? ድንኳን እንዳገኝ?

ጋሽ ሽብሩ፦ እንደኔ ሚስት?

ይልቃል፦ ይቅርታ። ጋሽ ሽብሩ፣ እትዬ ባዩሽን ማለቴ አይደለም። አፌ ነው።

ጋሽ ሽብሩ፦ ተወው። ዓመት አለፋት እኮ።

ይልቃል፦ ነፍሳቸውን ይማር። እንዲሁ ነው የቀለድኩት።

ጋሽ ሽብሩ፦ እሷም ትቀልድ ነበር። ድንኳኗን አንተ ነህ የተከልክላት፣ አልረሳሁም።

ይልቃል፦ የሁሉንም የምተክለው እኔ ነኝ። ከዚህ እስከ ወፍጮ ቤቱ በየደጁ የካስማ ጉድጓድ አለ፤ የመታሁት እኔ ነኝ። የማን ደጅ ድንጋይ እንዳለበት፣ የማን ደጅ ጭቃ እንደሚይዝ ጨለማ ውስጥም አውቀዋለሁ። ልሙጥ የሆነው የኔ ደጅ ብቻ ነው። ከጎኑ የተተከለ፣ ከፊቱ የተተከለ፣ የኔ ደጅ ጋ ሲደርስ ዝለለው!

ጋሽ ሽብሩ፦ ልሙጥ በመሆኑ ተመስገን አትልም? ሰው ለዚህ ይማረራል እንዴ?

ይልቃል፦ የሚሞትብኝ ሰው የለም ማለት እኮ ነው፣ ጋሽ ሽብሩ። እናትና አባቴ እዚህ ከመምጣቴ በፊት ነው ያለፉት። እኔ የሞትኩ ለት ድንኳኑ ይተከልልኛል፤ አውቃለሁ። ግን ያን ጊዜ አልኖርም። ሰው ቤቴ ገብቶ «አይዞህ» ሲለኝ በሕይወት እያለሁ አንዴ ማየት እፈልጋለሁ። ይኸው ነው ነገሩ። ደጄን አልፎ የገባ ሰው የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው፤ እሱም ሎንቺናን ስለሚፈራ በሩቁ ገምቶ ይሄዳል።

ጋሽ ሽብሩ፦ እና ሰው የሚመጣልህ ይመስልሃል? እሺ፣ ድንኳኑን ተከልክ እንበል። መጥተው ምን ይሉሃል? «እግዜር ያጥናህ፣ ጥሩ ውሻ ነበር»? ከአጥሩ ሥር ሳቃቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ሲወጡ ይለቁታል። ያንን ነው የምትፈልገው?

ይልቃል፦ ሳቃቸውን ይዘው መግባታቸውም ትልቅ ነገር ነው።

ጋሽ ሽብሩ፦ ድንኳን አትመኝ። እኔን ጠይቀኝ። ድንኳኑ እስካለ ድረስ ሰው እንደ ንብ ነው። «ብላ፣ ጠጣ፣ አይዞህ፣ እሷ ዐረፈች።» ሦስተኛው ቀን ላይ አንተ ራስህ መጥተህ ካስማውን ነቀልክ።

ይልቃል፦ ለሌላ ለቅሶ ይፈለግ ነበር።

ጋሽ ሽብሩ፦ ነበር፣ አልወቀስኩህም። ወንበሩ ተጭኖ ሄደ፣ ምንጣፉ ተጠቀለለ። እኔም ቤት ገባሁ። ያ ዝምታ... ራዲዮ ከፈትኩ፣ የእህል ዋጋ ያወራል። ዘጋሁት። ልጆቹ ወደየሥራቸው ሄዱ። ጎረቤት «ጋሽ ሽብሩ ብርቱ ናቸው» አለና አረፈ።

ይልቃል፦ ከዚያ በኋላ የጠየቀዎት አልነበረም?

ጋሽ ሽብሩ፦ ሰው አልመጣም።

ይልቃል፦ እኔም አልመጣሁም።

ጋሽ ሽብሩ፦ አንተም አልመጣህም።

ይልቃል፦ ብርቱ ናቸው ሲሉ ሰምቼ ነው።

ጋሽ ሽብሩ፦ ነግሬሃለሁ እኮ፣ አልወቀስኩህም።

ይልቃል፦ እሺ፣ ድንኳኑ ይቅር። ጥሩንባውም ይቅር። ወንበር ብቻ ይስጡኝ። አንድ አግዳሚ።

ጋሽ ሽብሩ፦ አግዳሚም የእድር ንብረት ነው።

ይልቃል፦ የታጠፈችው ትሁን፣ እግሯ የተሰበረው። ደጄ ላይ አስቀምጣታለሁ። የሚያልፍ ሰው ወንበር ሲያይ «ማን ሞቶበት ነው?» ብሎ ይቆማል።

ጋሽ ሽብሩ፦ ሲነግሩት ደግሞ ይሄዳል።

ይልቃል፦ እስኪነግሩት ድረስ ይቆማል አይደል? ያ ይበቃኛል።

ጋሽ ሽብሩ፦ ይልቃል! አንተ የተማርክ ሰው ነህ።

ይልቃል፦ የተማሩት ተማሪዎቼ ናቸው። እኔማ አስተማሪ ብቻ ነኝ። ያውም ከሁሉም ቀድሞ የተማረው ሎንቺና ነው። አንዱን ተማሪ «ፍሬን!» ብዬ ስጮህበት መኪናው ሄደ፣ ሎንቺና ቆመ። መንገድ መሐል! አንድ እግሩን እንዳነሣ!

ጋሽ ሽብሩ፦ ሃ!... «ፍሬን» ስትለው እንኳ አይደለም፤ ድምፅህን ከፍ ካደረግክ ይበቃዋል።

ይልቃል፦ መጨረሻ ላይ ምግብ ተወ። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። አየውና «ላም ቢሆን ኖሮ ሽጠው እልህ ነበር» አለኝ። ሥጋ ቤት ሄጄ ሳንባ ገዝቼ አፉ ድረስ አቀረብኩለት፣ ፊቱን አዞረ። ያኔ ነው ያወቅኩት።

ጋሽ ሽብሩ፦ ሳንባ ድሮም አይበላም። ያሸተውና ይተወዋል። ጉበት ነው የሚወደው፣ ያውም ጠበስ ከተደረገ። በጥሬው ብትሰጠው አፈር ያለብሰዋል።

ይልቃል፦ ጉበት?

ጋሽ ሽብሩ፦ ምንድን ነው የምታየኝ?

ይልቃል፦ እኔ ጉበት ሰጥቼው አላውቅም።

ጋሽ ሽብሩ፦ ውሻ ሁሉ ጉበት ይወዳል። የታወቀ ነው።

ይልቃል፦ ጠበስ ተደርጎ?

ጋሽ ሽብሩ፦ ሰው ሲያወራ ሰምቼ ይሆናል።

ይልቃል፦ ሥራ ስወጣ በአጥሩ ቀዳዳ ይወጣ ነበር። የት እንደሚውል አላወቅኩም ነበር። ማታ ስመጣ አፉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ሥጋ ቤት ለሥጋ ቤት የሚዞር መስሎኝ ስንቴ ቆጥቼዋለሁ!

ጋሽ ሽብሩ፦ ሥራ ፈት ምን ያደርጋል? ይዞራላ።

ይልቃል፦ ባለፈው ዓመት ነው የጀመረው። ክረምቱ ሲወጣ።

ጋሽ ሽብሩ፦ አላስታውስም።

ይልቃል፦ እትዬ ባዩሽ ያረፉ ሰሞን።

ጋሽ ሽብሩ፦ አላስታውስም አልኩህ! ሰውዬ፣ እኔ እንደ ፖሊስ ውሻ ስከተል ልዋል? ከዚህ ደረጃ ላይ የተኛ እንደሆን አባረዋለሁ። ሲያባርሩት ደግሞ አይሄድም፣ በጀርባው ተገልብጦ ሆዱን ይሰጣል። ግራ ጆሮው ሥር ካላከኩለት እንቢ አሻፈረኝ! ምን ላድርግ? ድንጋይ ልወርውር?

ይልቃል፦ ስለዚህ ያኩለት ነበር።

ጋሽ ሽብሩ፦ እንዲሄድልኝ ነው!

ይልቃል፦ ሄደ?

ጋሽ ሽብሩ፦ ...አንተ ከሥራ ልትመለስ ስትል ይሄድ ነበር። መኪናህን ከሩቅ ይለያታል። የሚያወራውን ሰው አቋርጦ መሄድ አይገባውም፣ ባለጌ!

ይልቃል፦ የሚያወራውን?

ጋሽ ሽብሩ፦ ራዲዮውን። ራዲዮው ሲያወራ።

ይልቃል፦ ራዲዮው።

ጋሽ ሽብሩ፦ ምን ትደጋግምብኛለህ? ስለ ድንኳኑ ነው የመጣኸው፣ መልስህን ሰምተሃል። ድንኳን የለም። ጥሩንባ የለም። አግዳሚ የለም። እኔ የደንብ ሰው ነኝ፤ የእድሩን ንብረት ለውሻ አውጥቶ ስሜን የሚያጠፋ ዳኛ አይደለሁም።

ይልቃል፦ እሺ፣ ገብቶኛል። አደከምኩዎት። ደህና ይዋሉ።

ጋሽ ሽብሩ፦ የት ትሄዳለህ?

ይልቃል፦ ቤቴ። ሌላ የት አለኝ?

ጋሽ ሽብሩ፦ ቆይ። ቤት ውስጥ የሚቀመጡበት ነገር አለህ?

ይልቃል፦ ሶፋው አለ። ሆድ ዕቃው ወጥቷል እንጂ አለ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ቆይ አልኩህ፣ አንዴ ቤት ልግባና ልምጣ። ወገቤ ነው፣ እጅህን ስጠኝ ልነሣበት። እዚሁ ጠብቀኝ።

ይልቃል፦ ቁልፉን ሊያመጡልኝ ነው እንዴ?

ጋሽ ሽብሩ፦ ቁልፍ የለም ብዬሃለሁ! ...ይኸው መጣሁ። ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ? ሂድ እንጂ።

ይልቃል፦ ጋሽ ሽብሩ፣ ነጠላዎን...

ጋሽ ሽብሩ፦ ነጠላዬ ምን ሆነ?

ይልቃል፦ አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ጥለቱ አንገትዎ ጋ ነው።

ጋሽ ሽብሩ፦ እኔ ራሴ አይደለሁ የለበስኩት? አውቃለሁ።

ይልቃል፦ ሰፈሩን አቋርጠን ነው የምንሄደው። ጌጤነህ ደጁ ላይ ተቀምጧል። «ማን ሞቶብዎት ነው?» ብሎ ቢጠይቅዎትስ? ምን ይሉታል?

ጋሽ ሽብሩ፦ ምንም። ለማንም አልናገርም፣ ላንተም አልናገርም። ምራ!