ጋሼ ወንበር በገዛ ድግሳቸው

ለልጄ ልደት ወንበር ልከራይ ወጥቼ ክርክር ውስጥ ገብቼ ቀረሁ።

በሰፈራችን ለሠርግ፣ ለምርቃትና ለልደት ወንበርና ጠረጴዛ የሚያከራዩ፣ አዳራሽም የሚያስጌጡ አንድ ሰው አሉ። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ትልቁም ትንሹም «ጋሼ ወንበር» ነው የሚላቸው። እኔም መድኃኒት ቤት ስለምሠራ ብቻ «ዶክተር» እባላለሁ። ስለዚህ በቅጽል ስም አንተማማም።

መጋዘናቸው በር ላይ ስደርስ ጋሼ የወንበር ልብስ ያጥፋሉ፤ ታናሿ ልጃቸው ፊት ለፊታቸው ቆማ እጇን እያወናጨፈች ትናገራለች። ልጅቷ ፈረንሳይኛ ተምራ በቅርቡ የተመረቀች ናት። ስታስረዳ ከመቸኮሏ የተነሳ ትንፋሽ ያጥራታል።

«እንኳን መጣህ፣ ዶክተር» አሉኝ ጋሼ። «ይህችን ልጅ የሚያስታግስ ክኒን ካለህ ስጠኝ።»

«ለአባዬ ግትርነት የሚሆንም ካለ ይጨምሩበት» አለች እሷ።

የጠቡን ምክንያት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ታላቋ ልጃቸው በመጪው ቅዳሜ ታገባለች። ሙሽራው ሰው አገር ያደገ ነው፤ እናቱ ከፈረንሳይኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቁም። በቀለበቱ ቀን ጋሼ አዳራሹን ሲያስጌጡ ውለው፣ እንግዳ መግባት ሲጀምር እንደ ልማዳቸው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ዕድሜ ልካቸውን በሰው ድግስ ላይ ቦታቸው እዚያ ነው። የጎደለ ወንበር ካለ ይቃኛሉ እንጂ አይቀመጡም። የሙሽራው እናት ገቡና ሠራተኛ መስለዋቸው ካፖርታቸውን አስታቀፏቸው። «አባቷ ነኝ» የሚሉበት ቃል አልነበራቸውም። ካፖርቱን ሰቅለው በጓሮ በር ወጡ፤ ለእንግዶቹም አሟቸው ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ «ለሠርጉም አስጌጬ እሄዳለሁ፤ አልቀመጥም» ብለው ክችም አሉ። እኔን ነገሩ አሳዝኖኛል፣ አናዶኛልም።

«በዚህ ዕድሜዬ የምን ፈረንሳይኛ ነው?» አሉ። «አንቺ አለሽ አይደል? አንቺው ንገሪልኝ።»

«እኔ የምላቸው ‘እህቴ’ ነው፣ አባዬ። ‘ልጄ’ የምትለዋ ቃል ያንተ ናት። እሷን ማን ይበልልህ?»

«አንድ ሙሉ ቋንቋ በአንድ ሳምንት?»

«ሙሉውን ማን አለህ? የእኔ፣ የአንተ፣ የእኛ የሚባሉትን ብቻ። መማሪያውም እዚሁ መጋዘንህ ውስጥ ሞልቷል።» ይህን ብላ የኬክ ማቆሚያ፣ ሻማና በወረቀት የተጠቀለለ ባዶ ሳጥን ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። «ኬክ ጋቶ ነው፤ ‘ኬኬ’ ስትል ሞን ጋቶ። ድግስ ፌት ነው፤ ‘ድግሴ’ ማ ፌት። ስጦታ ካዶ ነው፤ ‘ስጦታዎቼ’ ሜ ካዶ።»

«ቆይ፣ ቆይ። አንዴ ሞን፣ አንዴ ማ፣ አንዴ ሜ? የእኔ መቼም የእኔ ነው። ይህ ሰውን ለማደናገር ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።»

ትምህርት ቤት ጥቂት ፈረንሳይኛ ቀምሼ ስለነበር ላስታርቅ ብዬ ገባሁ። «ጋሼ፣ እነሱ የሚያዩት ዕቃውን ነው። ኬክ በእነሱ ዘንድ ወንድ ነው፣ ድግስ ሴት ናት። ዕቃው ሲበዛ ደግሞ ወንድም ይሁን ሴት ሜ ይሆናል።»

«ባለቤቷ ሴት ብትሆንስ?»

«አይለወጥም» አለች ልጅቷ። «የእሱም ኬክ የእሷም ኬክ ሶን ጋቶ ነው። የእሱም ድግስ የእሷም ድግስ ሳ ፌት።»

ጋሼ በእጃቸው የያዙትን የወንበር ልብስ ትክ ብለው አዩት። «ልብሱ በወንበሩ ልክ ነው የሚሰፋው በሉኛ። የሚቀመጥበት ወንድ ይሁን ሴት፣ ቀጭን ይሁን ወፍራም፣ ልብሱ ምን አገባው።»

ልጅቷ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔም ብሆን ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ግን የሽማግሌው ሆድ ውስጥ ያለው ነገር ገና አልወጣም ነበር።

«ቃሉስ ይሁን» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብሳሳትስ? ከምዋረድ ባልታወቅ ይሻለኛል።»

«ቢሳሳቱ ይስቃሉ፤ እርስዎም አብረው ይስቃሉ» አልኳቸው። «ዝም ካሉ ግን ልጅዎ አባት እንደሌላት ሆና ታገባለች።»

«እሷ እንዲህ አለች?»

«አለቀሰች፣ አባዬ» አለች ታናሿ። «አንተ አፍረህ የሄድክ ይመስልሃል፤ እሷ ግን ያለቀሰችው አጠገቧ ያለው ወንበርህ ባዶ ሆኖ ስላየች ነው።»

ጋሼ የወንበር ልብሱን አስቀመጡ። የኬክ ማቆሚያውን ወደ ራሳቸው ሳቡና «ከየቱ ነው የምንጀምረው?» አሉ።

ያን ሳምንት በመጋዘኑ በኩል የማልፍበት ሰበብ አላጣሁም። ጋሼ ለደንበኛ ወንበር ሲያስረክቡ «ቮ ሼዝ!» ይላሉ፤ ወንበሮችዎ ማለታቸው ነው። የልደቱን ወንበሮች ሲመዘግቡልኝ ግን ለእኔ «ቴ ሼዝ» አሉኝ። ‘ቮ’ የሚባለው ለሚከበር ሰው ነው፣ አንተን ገና አይተን ነው ብለው ሳቁብኝ። «ደግሞ ስትመልሳቸው ሜ ሼዝ ናቸው፣ እንዳትረሳ» አሉ።

ቅዳሜ ደረሰ። ወደ አዳራሹ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ጋሼን ነው። አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ ያንኑ ግድግዳ ተደግፈዋል። ልማድ እንዲህ በአንድ ጊዜ አይለቅም። ወዲያው የሙሽራው እናት ገቡ፤ አዩአቸው፤ ፈገግ ብለው ካፖርታቸውን ዘረጉላቸው።

ጋሼ ካፖርቱን በአክብሮት ተቀበሉና በአቅራቢያቸው ያለ ወንበር ላይ አንጠለጠሉት። ከዚያ ወደ ሙሽራዋ እያመለከቱ «ማዳም፣ ማ ፊይ» አሉ፤ ልጄ ናት ማለታቸው ነው። ትንሽ ቆዩና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ቢያንቨኒው አ ኖትር ፌት» ብለው ጨመሩ። ወደ ድግሳችን እንኳን ደህና መጡ ማለት ነው።

ሴትየዋ ካፖርቱን አዩ፣ ጋሼን አዩ፣ ፊታቸው ቀላ። ከዚያ የጋሼን ሁለቱንም እጆች ጭብጥ አድርገው ይዘው «ኖትር ፊይ» አሉ። ታናሿ ልትተረጉም እየሮጠች መጣች።

«ተዪው፣ ገብቶኛል» አሏት አባቷ፤ እንባቸው ወርዷል። «‘ልጃችን’ ነው ያሉት።»

ጋሼም ለእንግዳቸው አንድ ወንበር፣ ለራሳቸውም ሌላ ሳቡና ከሙሽራዋ አጠገብ ተቀመጡ። ሙሽራዋ ራሷን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገች።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ «በዚህ ዕድሜዬ» የሚል ሰው ቢያጋጥምህ ይህን ንገረው። ከባዕድ ቋንቋ ጥቂት ቃላት መያዝ ሽማግሌውን የሌላ ሰው አላደረጋቸውም፤ እንዲያውም የራሳቸው የሆነውን «የእኔ» የሚሉበት አፍ ሰጣቸው። ዛሬ ከልጃቸው አማት ጋር ያለ አስተርጓሚ በስልክ ይሳሳቃሉ። ማታ ማታ መጋዘኑ ውስጥ ታናሿ ጎረቤቶችን ታስተምራለች፤ ጋሼ ከፊት ወንበር አይነሱም።

ከሠርጉ ትንሽ ቆይቶ የልጄም ልደት ደረሰ። ጋሼ ወንበሮቹን ካወረዱ በኋላ እንደ ድሮው ግድግዳ ይይዙብኛል ብዬ «ኧረ ቁጭ ይበሉ» ልላቸው ወደ ሳሎን ገባሁ። ቀድመውኝ ከልጆቹ መሀል ተቀምጠው ኬክ እየበሉ ነበር።